የሐሞት ጠጠርና ብግነት፦ ማን ማንን አመጣው?

በቲክቶክና በቴሌግራም የጤና ምክር ውስጥ «ኢንፍላሜሽን»፣ በአማርኛው ብግነት፣ የማይገባበት ቦታ የለም። ጉልበት ሲያም ኢንፍላሜሽን፣ ፀጉር ሲረግፍ ኢንፍላሜሽን፣ ቦርጭ ሲወጣ ኢንፍላሜሽን። የሐሞት ጠጠርም ተራው ደርሶታል። «ጠጠሩን የሠራው ኢንፍላሜሽን ነው፤ እሱን አጥፉት፣ ጠጠሩ ራሱ ይሟሟል» ይባላል። ቀጥሎ የሎሚና የወይራ ዘይት አሠራር ይመጣል።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ጭራሽ ውሸት ቢሆን በአንድ ቃል ይቋጭ ነበር።

ጎጃም ላይ ደግሞ ሌላ ውዥንብር ይጨመርበታል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ከደረቱ በታች ከእምብርቱ በላይ ያመመው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ፌጦ ይቀምሳል፣ ተልባ ይጠጣል፣ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል ይገዛል። ካልተሻለው «ታይፎይድ ይሆናል» ይባላል። የሐሞት ከረጢት ነገር የሚነሣው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን አብሮ ማየት ይሻላል። ብግነት ጠጠር ያመጣል ወይ? ጠጠርስ ብግነት ሲያመጣ በምን ይታወቃል?

በግ ያረደ የሚያውቃት ከረጢት

በአማርኛ ሐሞት ወኔ ነው። የፈራ ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል፤ ደፋሩ ደግሞ «ሐሞተ ኮስታራ» ነው። በግ አርዶ የበለተ ሰው ግን ሐሞትን በዓይኑ ያውቀዋል። ከጉበት ሥር የተለጠፈች ትንሽ አረንጓዴ ከረጢት ናት። ቢላዋ ከነካት ጉበቱ ይመራል። የሰውም ከዚያ ብዙ አትለይም።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያመርታል። ከረጢቷ የምትይዘው ግን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ አንዲት የቡና ስኒ እንኳ አትሞላም። ሥራዋ ሐሞቱን ማጠራቀምና ውኃውን እየመጠጡ ማወፈር ነው። ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ አንጀት በደም በኩል ሆርሞን ይልክባታል። እሷም ተጨምቃ ሐሞቱን ወደ አንጀት ትገፋለች። ሐሞት ቅባቱን ይበትነዋል፣ ለመፈጨትም ያዘጋጀዋል።

ሐሞት ውስጥ ኮሌስትሮል አለ። ኮሌስትሮል ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ሳይረጋ የሚቆየው የሐሞት ጨዎች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አቅፈው ስለሚይዙት ነው። ኮሌስትሮሉ ከበዛ ወይም ጨዎቹ ካነሱ የሚይዘው ያጣል።

ለዚህ ከማር የተሻለ ምሳሌ የለም። ማር ውስጥ ያለው ስኳር ውኃው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ነው። ሁሉም ማር ግን በአንድ ጊዜ አይረጋም። አንዱ ለወራት እንደፈሰሰ ይቆያል፣ ሌላው ቶሎ ይረጋል። መነሻ የሚሆን ትንሽ ቅንጣት ወይም የአበባ ብናኝ ካገኘ መርጋቱ ይፈጥናል። ሐሞትም እንደዚሁ ነው። ኮሌስትሮል የተትረፈረፈበት ሐሞት ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ጠጠር የማያውቁ ብዙ ጤነኛ ሰዎች አሉ። እንግዲህ የብዛቱ ነገር ብቻውን ጠጠርን አያስረዳም። የሚያረጋው ሌላ ነገር አለ። ብግነት የሚገባው በዚህ በር ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ የሐሞት ጠጠር አለባቸው። ከአምስት ጠጠሮች አራቱ ያህል የኮሌስትሮል ናቸው። በአፍሪካ ቁጥሩ ከዚያ ያነሰ ነው። የቀሩት ጠጠሮች ጥቁርና ቡናማ ናቸው። ጥቁሩ ቀይ የደም ሴል በብዛት በሚፈርስባቸውና ጉበታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ይታያል። ቡናማው የኢንፌክሽን ልጅ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

«ተቆጣ» ስንል

ኢንፍላሜሽን የሚለውን ቃል የሕክምና አማርኛ «ብግነት» ይለዋል። የቤቱ አማርኛ ደግሞ ከዚያ በፊት የራሱ ቃል ነበረው፤ «ቁስሉ ተቆጣ» እንላለን። ቀላ፣ አበጠ፣ ሞቀ፣ አመመ ማለት ነው። ትክክለኛ ገለጻ ነው፤ እንዲያውም ከብግነት የበለጠ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

ኢንፌክሽን ሌላ ነገር ነው። ኢንፌክሽን ማለት ባክቴሪያ ወይም ሌላ ተሕዋስ ገብቶ መራባቱ ነው። ብግነት ደግሞ ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ይቆጣል፤ ባክቴሪያ ግን የለበትም። ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፣ ተለያይተውም ሊመጡ ይችላሉ። «ኢንፍላሜሽን አለብህ» የተባለ ሰው አንቲባዮቲክ ፍለጋ ፋርማሲ የሚሮጠው ይህ ልዩነት ስለተምታታበት ነው።

ብግነት ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንዱ አጣዳፊ ነው፤ በሰዓታት ይመጣል፣ ያሠቃያል። ሌላው ዝምተኛ ነው። ሆድ ዙሪያ በተከማቸ ስብ፣ በስኳር በሽታ ወይም በሲጋራ ምክንያት ለዓመታት በዝግታ ይነድዳል። ባለቤቱ አይሰማውም። በደም ምርመራ ግን ፍንጭ ይሰጣል። ሲአርፒ የሚባለው ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ከፍ ይላል። ሌላም ቀላል ስሌት አለ። ፕሌትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ሕዋሳት ቁጥር በኒውትሮፊል አባዝቶ ለሊምፎሳይት ማካፈል ነው፤ ሁለቱ የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው። ሦስቱም በተራው የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ያሉ ቁጥሮች ናቸው።

ብግነት ጠጠር ይሠራል?

የቆየው አስተሳሰብ የሐሞት ጠጠር የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው የሚል ነበር። ኮሌስትሮል በዛ፣ ከረጢቷ ሰነፈች፣ ሐሞት ቆየ፣ ረጋ። ዛሬም ይህ መሠረቱ አልተናደም። የተጨመረበት ነገር ግን አለ።

አንደኛው ንፍጥ ነው። የከረጢቷ ግድግዳ ሲቆጣ ሙሲን የሚባል ዝልግልግ ፕሮቲን አብዝቶ ያመነጫል። የኮሌስትሮል ቅንጣቶች እዚያ ውስጥ ይያዛሉ። ከረጢቷ ብትጨመቅም አይወጡም። ቀን በቀን እየተደራረቡ ያድጋሉ።

ሁለተኛው የበለጠ አስገራሚ ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነገር ሲያጋጥማቸው የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጉበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጀርመን የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ይህ ድር በሰው የሐሞት ጠጠር ውስጥ መኖሩን አሳየ። ድሩ የኮሌስትሮልና የካልሲየም ቅንጣቶችን እርስ በርስ አጣብቆ ጠጠር ያደርጋቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ድሩ እንዳይዘረጋ በመድኃኒት የተከለከሉ አይጦች የያዙት ጠጠር ያነሰ ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሜቶፕሮሎል ነው። ይህ የአይጥ ውጤት መሆኑን ማስመር ያስፈልጋል። ለሐሞት ጠጠር ብሎ የግፊት ክኒን መዋጥ ሌላ ችግር መግዛት ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ከሕዝብ ቅኝት የመጣ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ቅኝት ላይ ተመሥርተው ብዙ ጽሑፎች ወጥተዋል። የብግነት መለኪያቸው ከፍ ያሉ አዋቂዎች ዘንድ የሐሞት ጠጠር በርከት ብሎ እንደታየ ይናገራሉ። ማኅበራዊ ሚዲያው «ተረጋገጠ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዓይነቱን ውጤት ይዞ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ቅኝቱ ሰውን በአንድ ቀን ነው የሚያየው። ደሙ ይወሰዳል፣ «የሐሞት ጠጠር አለብህ ተብለህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ብግነቱ ጠጠሩን ይቅደመው፣ ጠጠሩ ብግነቱን ይቅደመው፣ በዚህ መንገድ አይለይም። ሦስተኛ ወገንም አለ። ውፍረትና ስኳር ሁለቱንም ያመጣሉ። ወፍራም ሰው ጉበቱ ወደ ሐሞት የሚያፈስሰው ኮሌስትሮል ይበዛል፤ የሆዱ ስብ ደግሞ የብግነት ኬሚካል ያመነጫል። አንድ እናት የወለደቻቸውን መንትዮች አይተን አንዱን የሌላው አባት ማድረግ አይሆንም።

ስለዚህ የእኔ ግምት ይህ ነው። ብግነት ከጠጠር ሠሪዎቹ አንዱ እንደሆነ የላብራቶሪው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ዋናው ሠሪ እሱ ነው ለማለት ግን አያስደፍርም። «ብግነቱን ካጠፋህ የተሠራው ጠጠር ይጠፋል» የሚለው ደግሞ ከሁለቱም አይወጣም። የረጋን ማር መልሶ ለማፍሰስ መነሻዋን ቅንጣት መልቀም አይበቃም።

ጠጠሩ ሲቆጣ

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ግንኙነት አከራካሪ አይደለም። ጠጠር የከረጢቷን አፍ ሲዘጋ ከረጢቷ ትቆጣለች። ከአጣዳፊ የሐሞት ከረጢት ብግነት ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው መነሻው ጠጠር ነው። የቀረው በጠና ታሞ በተኛ፣ በተቃጠለ ወይም ከባድ አደጋ በደረሰበት ሰው ላይ ያለ ጠጠር የሚመጣ ነው።

ጠጠሩ አፉን ዘግቶ መልሶ ሲለቅ ሕመሙ መጥቶ ይሄዳል። ቅባት ከተበላ በኋላ ወይም በሌሊት ይነሣል። ከቀኝ ጎድን በታች ወይም ልብ ሥር ይጨመድዳል። ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ ይወጋል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይተዋል። በዚህ ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት የወሰደ ሰው «መድኃኒቱ አዳነኝ» ይላል። በራሱ ጊዜ የሄደውን ሕመም ለክኒኑ ይሰጠዋል። የምርመራው መዘግየት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆየና ትኩሳት ከተጨመረበት ጠጠሩ አለቀቀም ማለት ነው። ከረጢቷ ተቆጥታለች። መጀመሪያ ላይ ባክቴሪያ ላይኖር ይችላል፤ የታፈነው ሐሞት ራሱ ግድግዳውን ያስቆጣል። ባክቴሪያ ኋላ ይደርሳል። ጠጠሩ ከከረጢቷ ወጥቶ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ከዘጋ ደግሞ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ብርድ ብርድ ይላል። ያኔ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ጣፊያን ከቆሽት የማንለይ ብዙዎች ነን፤ ቆሽት ከጨጓራ ኋላ ያለችው ናት። አጣዳፊ የቆሽት ብግነትንም ከሚያመጡት ነገሮች ግንባር ቀደሙ የሐሞት ጠጠር ነው።

ጾም፣ ፋሲካና ወስፋት

የውጭ ጽሑፎችን ተርጉሞ ማስተላለፍ እዚህ ላይ ይጎድለዋል። የእኛ አኗኗር የራሱ ነገሮች አሉት።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከእራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከረጢቷን ለረጅም ሰዓት ሳትጨመቅ ያቆያታል። የቆየ ሐሞት ይወፍራል። በአሜሪካ በሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በእራትና በቀጣዩ ምግብ መካከል ያለው ሰዓት ሲረዝም በሐሞት ጠጠር ሆስፒታል የመግባት ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህን ይዞ «ጾም ጠጠር ያመጣል» ብሎ መፍረድ ግን ችኮላ ነው። የጾም ምግብ የእንስሳት ስብ የለውም፣ አሠር ይበዛዋል፤ ሁለቱም ለከረጢቷ ይበጃሉ። ኑግና ሰሊጥ ደግሞ ቅባት ናቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከረጢቷን ማስጨመቅ አያቅታቸውም። ስለ ጥራጥሬም ክርክር አለ። በቺሊ የተሠራ ጥናት ባቄላና መሰሎቹ በሐሞት ውስጥ ኮሌስትሮልን ያበዛሉ ብሏል። ሌሎች ደግሞ የእጽዋት ፕሮቲን ከጠጠር ይከላከላል ብለዋል። ሽሮን ለመክሰስ ማስረጃው አይበቃም።

ይልቅ የፋሲካው ቀን ይበልጥ ግልጽ ነው። ጠጠር እንዳለበት የማያውቅ ሰው ከሁለት ወር ግድም ጾም በኋላ በአንድ ማለዳ ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ ይበላል። ቀትር ላይ ጥሬ ሥጋ ይደግማል። ከረጢቷ በኃይል ትጨመቃለች፣ ጠጠሩም አፍ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ጠጠሩን የሠራው የዚያ ቀን ቅቤ አይደለም። ቅቤው ያደረገው ማሳበቅ ነው።

ጥሬ ሥጋ ከተነሣ አይቀር፣ የኮሶ ትል በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም ማለት ይቻላል። ኑሮው አንጀት ውስጥ ነው። ወስፋት ግን ሌላ ነው። ወስፋት መንቀሳቀስ ይወዳል፤ ከአንጀት ወደ ሐሞት ቱቦ የሚወጣበት ጊዜ አለ። እዚያ ሲሞት ሬሳውና እንቁላሉ ባክቴሪያ ያስከትላሉ። ቡናማው ጠጠር በዙሪያው ይሠራል። እዚህ ላይ ብግነትና ኢንፌክሽን ጠጠር መሥራታቸው አያጠራጥርም። የመጸዳጃ ቤትና የንጹሕ ውኃ ጉዳይ እስከ ሐሞት ከረጢት ይደርሳል ማለት ነው።

ታይፎይድም ዝምድና አለው። ባክቴሪያው ጠጠር ካገኘ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይሸሸጋል። አንቲባዮቲክ በደንብ አይደርስበትም። ከታማሚዎቹ ከመቶ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ከዳኑ በኋላም ባክቴሪያውን ተሸክመው ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ጠጠር ያለባቸው ናቸው። ሳያማቸው ለሌላው ያስተላልፋሉ። ይህ ማለት ግን በየጊዜው «ታይፎይድ ተገኘብህ» የሚባል ሁሉ ተሸካሚ ነው ማለት አይደለም። የተለመደው የዊዳል ምርመራ በድሮ ሕመም ወይም በሌላ ባክቴሪያ ምክንያትም ፖዘቲቭ ይላል። በየሁለት ወሩ «ታይፎይድ» የሚታከም፣ ሕመሙም ቀኝ ጎድኑ ሥር የሆነ ሰው አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ቢታይ አይበዛበትም።

ሌሎቹ ተጋላጭነቶች ከሌላው ዓለም አይለዩም። በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጠቃሉ። በእርግዝና ጊዜ አንዱ ሆርሞን ኮሌስትሮሉን ያበዛል፣ ሌላው ከረጢቷን ያሰንፋታል። ከ40 ዓመት በላይ መሆን፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ውፍረት፣ ስኳር ይጨመራሉ። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚያስቀንስ ዳየትም አለበት፤ ለመክሳት የሚጣደፉ ይህን አይሰሙም።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። አሁን ባጃጁ በዝቷል። በአሜሪካ ወንዶች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ቢደረግ ሕመም ከሚያስከትለው የሐሞት ጠጠር አንድ ሦስተኛው ሊቀር እንደሚችል ገምቷል። በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ቡና የሚጠጡትም ከማይጠጡት ያነሰ ታመዋል። የእነሱ ስኒ ከእኛ ይተልቃል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ተደምረው ይጠጉት ይሆናል። ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ለመድኃኒትነት ብሎ ቡና መጀመር ግን አያስፈልግም።

አረንጓዴዎቹ «ጠጠሮች»

የሎሚና የወይራ ዘይቱ አሠራር ብዙ ሰው የሚያሳምነው ውጤቱ በዓይን ስለሚታይ ነው። በማግሥቱ ከሰገራ ጋር ለስላሳ አረንጓዴ ድቡልቡሎች ይወጣሉ። ፎቶ ይነሣሉ፣ ይለጠፋሉ፣ ላይክ ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሪፖርት እነዚህን ድቡልቡሎች በላብራቶሪ አስመርምሯል። ኮሌስትሮል አልተገኘባቸውም። ዘይቱና ሎሚው አንጀት ውስጥ ተዋሕደው የሠሩት ሳሙና ነበሩ። እውነተኛው ጠጠር ከረጢቱ ውስጥ ቁጭ እንዳለ ነው። ግማሽ ብርጭቆ ዘይት በአንድ ጊዜ መጨለጥ ደግሞ ከፋሲካው ዶሮ ወጥ የባሰ ከረጢቷን ያስጨምቃል። የቆመውን ጠጠር ወደ ቱቦው ሊገፋው ይችላል።

«ውኃ በብዛት ጠጡ» የሚለውም እዚህ ቦታው አይደለም። ውኃ የሚረዳው ለኩላሊት ጠጠር ነው። ሁለቱን በስም ያገናኛቸው «ጠጠር» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

የሚያሟሟ መድኃኒት የለም ማለት ግን አይደለም። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባል አለ። ለትናንሽ የኮሌስትሮል ጠጠሮች ብቻ ይሠራል። ከወራት እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ሲቆም ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ በሚደርሱት ላይ ጠጠሩ ይመለሳል።

ይውጣ ወይስ ይቆይ?

በአልትራሳውንድ ከረጢት ውስጥ ያለ ጠጠር ከመቶ 95 ያህሉ ይታያል። ለምርመራው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ መሄድ ያስፈልጋል፤ የበላ ሰው ከረጢቱ ተጨምቃ ታስቸግራለች። ተራው ራጅ አብዛኛውን ጠጠር አያሳይም።

ለሌላ ምርመራ ገብቶ ጠጠር የተገኘበት፣ አንድም ቀን አሞት የማያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ጠጠር ካላቸው አምስት ሰዎች አራቱ ምንም አይሰማቸውም። በዓመት ሕመም የሚጀምራቸው ከመቶ ከአንድ እስከ አራት ቢሆኑ ነው። ለእነዚህ ኦፕራሲዮኑ ከጠጠሩ ይብሳል።

አሞት ያወቀው ሰው ጉዳይ የተለየ ነው። አንዴ የጀመረ ሕመም ይመለሳል፤ መፍትሔውም ከረጢቷን ከነጠጠሯ ማውጣት ነው። ጠጠሩን ብቻ አውጥቶ ከረጢቷን መተው ማሰሮው ሳይለወጥ ማሩን እንደ መቀየር ነው፤ እንደገና ይረጋል። አጣዳፊ ብግነት ሲኖር የዛሬው የሕክምና መመሪያ ብዙ ቀን ሳይቆይ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ቀዶ ጥገናው ቢደረግ ይመክራል። ዲክሎፌናክን የመሰሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች ሕመሙን ያስታግሳሉ። ጠጠሩን አያወጡም፣ ጨጓራንም ይጎዳሉ።

«ያለ ሐሞት ከረጢት ይኖራል ወይ?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያስቀራል። መልሱን የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ይጋልቡበታል። ፈረስ የሐሞት ከረጢት የለውም። ጉበቱ ሐሞቱን ቀጥታ ወደ አንጀት ያፈስሳል። ከረጢቱ የወጣለት ሰውም እንደዚያ ይኖራል፤ አንዳንዱ መጀመሪያ አካባቢ ቅባት ሲበላ ሆዱ ይላላበታል።

የጎጃም ሕመምተኛ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ከወረዳ ተነሥቶ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ መድረስ እንደ ቀኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰበት ሰው «ሲብስብኝ እሄዳለሁ» ከማለት፣ ሕመሙ በሌለበትና መንገዱ በተከፈተበት ቀን ቀጠሮ ማስያዝ ያዋጣዋል። ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነት ወይም ከስድስት ሰዓት በላይ የቆየ ሕመም የያዘው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በዚያው ቀን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ጉሉኮስና አንቲባዮቲክ እዚያ ሊጀመርለት ይችላል።